ሣር ይዞ የመጣ ሰው

ለቡ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፊሊጶስ፣ ባለህበት ማረሚያ ቤት።

ሰላምታዬ ስምንት ዓመት ዘግይቶ ይድረስህ። በየእንቁጣጣሹ የላክኸው ደብዳቤ ሁሉ ደርሶኛል። ስምንቱንም አንብቤአለሁ፤ ለአንዱም አልመለስሁም። «ያጠፋውን በአፉ ሳያምን ፊቱን አላይም፣ እጄም አይጽፍለትም» ብዬ በእኅትህ በመቅደላዊት ፊት ተናግሬ ነበርና ቃሌን ጠበቅሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ቃሌን ላፈርስ ሳይሆን አንተ የምትፈጽምልኝ ቀን ስለ ቀረበ ነው።

ጉልበቴን ጠይቀሃል። ጉልበቴ ዕድሜዬን ያህላል። ከቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው አቋራጭ በአቶ ዳዲ ደጅ ያልፋል፤ በሀገሬው ደንብ ደግሞ እርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳይ ወገን በሟች ወገን ደጅ አይረግጥም። ስለዚህ በአስፋልቱ ዞሬ እሄዳለሁ። ድሮ የሩብ ሰዓት መንገድ የነበረው አሁን ሰዓት ይፈጃል። አልተማረርሁም። ደንብ ደንብ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ባለፈው እሑድ አቶ በንቲ መጥተው ነበር። በአካባቢያችን የደም እርቅ የሚያስጨርሱት ሽማግሌ እርሳቸው መሆናቸውን ታውቃለህ። አቶ ዳዲ ደክመዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ገዲሴም ታመዋል፤ የልጃቸው የኢሉ ደም ሳይዘጋ መቃብር መውረድ አልፈለጉም። እርቁ ከተፈጸመ የእርቁ ሰነድ ለይቅርታ ኮሚቴ ይሰጣል፤ ስምህም ለመስከረም በሚወጣው ዝርዝር ይገባል። ከተፈረደብህ ከአሥራ ስምንቱ ዓመት አመክሮው ተቀንሶ የቀረህ አራት ዓመት ነው። ያ አራት ዓመት ይቀርልሃል።

የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኢሉን ገድያለሁ» ብለህ በኮሚቴው ፊት ትፈርማለህ፤ ከዚያም ሽማግሌዎቹ እዚያ ድረስ መጥተው ከአፍህ ይሰሙታል። በእርቁ ደንብ ያላመነ ሰው ደሙ አይታጠብለትም። አቶ በንቲ «ልጁ ዝግጁ ነው?» አሉኝ። «ልጄ ነው፣ ያደርገዋል» አልኋቸው።

እኅትህ ደብዳቤውን በእጅዋ ይዛ ትመጣለች። መልስህን በእርሷው ስደድ።

አባትህ መሪጌታ ሚሳኤል


ከማረሚያ ቤት፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ሚሳኤል

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልኝ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በር ላይ የሚፈትሸው ፖሊስ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና መቅደላዊትን «እኅቴ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ ክታብ?» አላት። የእርስዎን የቁም ጽሕፈት ማንበብ ቢያቅተው አሳለፈው። እኔም ከማንበቤ በፊት ብዙ ቆይቼ ፊደሉን ብቻ ተመለከትሁ።

እንዴት እንደምኖር ባይጠይቁኝም እጽፍልዎታለሁ። ጠዋት ጠዋት ፊደል ያልቆጠሩ እስረኞችን አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሸማ ቤት እሠራለሁ። ለመቅደላዊት ያልነገርኋትን ግን ለእርስዎ ልንገርዎ። እዚህ በር ይከፈትልናል፣ በር ይዘጋብናል፤ እኛ የምንከፍተው በር የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም የበር እጀታ አልጨበጥሁም። ዘንድሮ ቤታችንን በሕልሜ አየሁት፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሰው መጥቶ እስኪከፍትልኝ እጠብቅ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ነቅቼ አለቀስሁ። መውጣት እፈልጋለሁ፣ አባቴ። ምን ያህል እንደምፈልግ ለመጻፍ የተማርሁት ቅኔ አይበቃኝም።

ነገር ግን ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁትና አንድ ነገር አጣሁበት። አቶ በንቲ «ዝግጁ ነው ወይ» ብለው ጠየቁ፤ እርስዎ «ያደርገዋል» ብለው መለሱ። ገድለህ እንደሆነ ንገረኝ ብለው ግን አልጠየቁኝም። ያን ጊዜም አልጠየቁኝም፤ አሁንም አልጠየቁኝም።

በፍርድ ቤት የቀረበብኝ ማስረጃ ሁለት ነበር። አንደኛው ከኢሉ ጋር በዚያው ቀን መጣላቴ ነው። ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ኢሉ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ገና በጣቢያ ሳለሁ፣ ለምለም ሣር በእጅዎ ይዘው በጋሽ ዳዲ ደጅ ቆሙ። በሀገሬው ደንብ ሣር ይዞ በሟች ደጅ የቆመ ሰው «እኛ ገድለናል፣ አስታርቁን» ማለቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉም «የገዛ አባቱ አምኖበታል» አለ። ዳኛው ሲጠይቁዎ «አዎን፣ ሄጃለሁ» አሉ፤ ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ያን ሣር ሲነጩ ማንን ጠይቀው ነበር?

ልጅዎ ፊሊጶስ


ለቡ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ

ልጅ አባቱን እንዲህ ባለ ቃል አይመረምርም። በእኔ ዘመን መምህሩን «ማንን ጠየቅህ» ያለ ተማሪ ከጉባኤው ይወጣ ነበር። ይሁን እንጂ እስራት የሰውን አንደበት እንደሚያሻክር አውቃለሁና እመልስልሃለሁ።

እኔ ከጎጃም የመጣሁ ሰው ነኝ። በለቡ ሃያ ዓመት ብኖርም የሀገሬውን ደንብ ሁሉ አብጠርጥሬ አላውቅም። ሣሩ የኀዘንተኛን ደጅ በትሕትና ለሚረግጥ ሰው የሚገባ ምልክት መስሎኝ ነበር። ጎረቤት ልጁን ቀብሮ እኔ ቤቴ ልቀመጥ? ለቅሶ ደረስሁ እንጂ ምስክርነት አልሰጠሁም። ሰዎቹ በራሳቸው ደንብ ቢተረጉሙት የእኔ ጥፋት አይደለም።

ደግሞም ያለ ምክንያት አልጠረጠርሁህም። ኢሉ የሞተ ዕለት ወደ ማምሻው ገብተህ ሸሚዝህን ባልዲ ውስጥ ነክረህ ወጣህ። ውኃው ቀልቶ አየሁት። በማግስቱ የኢሉ ሬሳ ከድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ ሲወጣ፣ ጭንቅላቱ በድንጋይ ተመትቶ ሲገኝ፣ ሌላ ምን እንዳስብ ትፈልግ ነበር? አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ እጅህ ፈጣን ነበረ። የቅኔውን ጉባኤ ትተህ ወደ ፌሮ ሥራ የሄድኸውም ከሁለት ተማሪዎች ጋር ተደባድበህ ነው።

መቅደላዊት ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቆማ «አባዬ፣ ማብራራትና መመለስ አንድ አይደለም» አለችኝ። እርሷም እንዳንተ ምላሷ ረዝሟል።

እንግዲህ ጊዜ የለንም። ኮሚቴው ስም የሚቀበለው እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው። ኀጢአቱን የተናዘዘ ሰው በእስር ቤትም ቢሆን ነጻ ነው፤ የደበቀ ሰው በአደባባይም ቢሄድ ታስሯል። ይህን ከአንድ ሺህ ተማሪ በላይ አስተምሬአለሁ። ለአንተ ማስተማር አቅቶኝ እንዳልሞት እለምንሃለሁ። ቃልህን ስጥና ውጣ።

አባትህ


ከማረሚያ ቤት፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

ስለ አንደበቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ጥያቄዬ ግን አልጠይቅም።

የሸሚዙን ነገር በስምንት ዓመት ውስጥ ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ያን ዕለት ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ በአንዲት ቃል እመልስልዎ ነበር። ደሙ የእኔ ነው። ኢሉ በገልባጭ መኪናው ያመጣውን አሸዋ እኛ ባሰርነው ፌሮ ላይ ደፋብን። ተጯጯህን። «አንተ የቄስ ልጅ፣ ሂድና ቀድስ» አለኝ። «አንተ የበሬ ልጅ፣ ሂድና እረስ» አልሁት። በቡጢ አፍንጫዬን መታኝ። እኔም መታሁት። ሰዎች ገላገሉን። ደሜ መፍሰሱን ሲያይ ደነገጠ፤ «ቀና በል፣ ቀና በል፣ ሙት እንዳትሆንብኝ» ብሎ በሻርፑ ያዘልኝ። ከዚያ ሳቅን። አብረን ያደግን ልጆች አይደለንም? «ነገ ምሳ ትጋብዘኛለህ» ብሎኝ ወደ መኪናው ወጣ። እኔም ቤት መጥቼ ሸሚዜን ነክሬ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። በሕይወቱ ያየሁት ያ የመጨረሻው ነው። ጠቡን ያዩ ምስክሮች ሳቁን አላዩም።

አልገደልሁትም። ሳይጠይቁኝ መለስሁልዎ።

አሁን ወደ ሌላው። ከጎኔ የሚተኛ ኢስማኢል የሚባል የቡታጅራ ሰው አለ። በጠብ ሰው ገድሎ ገብቷል፤ ሽማግሌ ልኮ፣ አምኖ፣ ታርቆ፣ ከሁለት ወር በኋላ ይወጣል። እኔን ደብተራው እያለ ይጠራኛል። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ አይቶ እንዲህ ተባባልን፦

«አንተ ደብተራ፣ አንዲት ቃል ናት። ትፍ በላትና ውጣ።»

«ውሸት ናት።»

«ታዲያ እኔ እውነቱን ተናግሬ ልወጣ ነው፤ አንተ እውነቱን ተናግረህ ልትቀር ነው። ከሁለታችን እውነት የጠቀመችው ማንን ነው? ገዳዩን።»

ከዚያ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከእኔ ጋር ቀረ።

አባቴ፣ ልጅ ሳለሁ ጠፍቶ ስለተገኘ አንድ ጠመኔ ዋሽቼ፣ በጉባኤው ፊት ሦስት ቀን አቁመውኛል። «ሐሰት የተናገረ አፍ ለጸሎት አይከፈትም» ብለውኛል። ስለዚህ በራሴ ፈቃድ ይህን ቃል አልናገርም። እርስዎ ካዘዙኝ ግን እናገራለሁ። በዚያ በቁም ጽሕፈትዎ እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ፦ «ልጄ ፊሊጶስ አልገደለም፤ ነገር ግን ገድያለሁ ብሎ እንዲፈርም እኔ አባቱ አዝዣለሁ።» ያን ቀን እፈርማለሁ። ነጻነቴን ከእጅዎ እቀበላለሁ፤ ኀጢአቱንም አብረን እንሸከማለን።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእርስዎ እሰማ ነበር። ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ልጅዎ ፊሊጶስ


ከማረሚያ ቤት፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ

ሁለት ወር ከአሥር ቀን ጠበቅሁ። መቅደላዊት ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ባዶ እጅዋን ነበረች። «ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ተነሥቶ ይሄዳል» አለችኝ። መቸገርዎ ገባኝ። አልፈርድብዎትም። እኔም ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልሁም።

ዛሬ ጠዋት በኮሚቴው ጸሐፊ ፊት ቀርቤ ፈረምሁ። «ኢሉ ዳዲን በድንጋይ መትቼ ገድያለሁ፤ ተጸጽቻለሁ» ይላል። ጸሐፊዋ ወጣት ሴት ናት፤ «ስምንት ዓመት ክደህ ዛሬ ምን አገኘህ?» አለችኝ። «ደከመኝ» አልኋት። እርሱ እውነት ነው።

የምጽፍልዎ እንዲያዝኑብኝ አይደለም። እንዳይጨነቁ ነው። ትእዛዙን ከእርስዎ መጠበቄ ስሕተት ነበር፤ ሸክሜን በሽማግሌ ጫንቃ ላይ መጫኔ ነበር። አሁን በእኔ ላይ ብቻ ነው። አቶ በንቲና ሽማግሌዎቹ ሰኔ 14 መጥተው ከአፌ ይሰማሉ፤ ሰነዱም ወሩ ሳያልቅ ይገባል። መስከረም ላይ እወጣለሁ። ለቡ አልቀመጥም፤ የጋሽ ዳዲን ፊት በየቀኑ እያየሁ መኖር አልችልም። ሐዋሳ የፌሮ ሥራ እንዳለ ኢስማኢል ነግሮኛል።

እርስዎ የሚያደርጉልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝም ይበሉ። ከዚህ በፊት በጽሑፌ የነገርሁዎትን ሁሉ አልነገርሁዎትም እንበል። ወረቀቶቹን ያቃጥሏቸው።

ይህን ደብዳቤ ኢስማኢል ይዞት ይወጣል። ነገ ይፈታል። አስቀድሞ ቡታጅራ ሄዶ እናቱን ካየ በኋላ ያደርስልዎታል።

ልጅዎ ፊሊጶስ


ለቡ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ

ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም፤ ስለዚህ በሆነው ነገር እጀምራለሁ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ከአቶ ዳዲ ቤት ስመለስ አንድ ሰው በደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። «የደብተራው አባት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ደብዳቤህን ሰጠኝ። ቆሜ አነበብሁት። ኢስማኢል ፊቴን አይቶ ውኃ አመጣልኝ። «ሰዓት አሳለፍሁ እንዴ?» አለኝ። «አዎን» አልሁት። የደረሰው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው።

ለምን ወደ አቶ ዳዲ ቤት እንደሄድሁ ለማስረዳት አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝልህ ይገባል። በየካቲት የጻፍሁልህ ሐሰት ነው። የሣሩን ትርጉም አውቅ ነበር። በዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ሣሩን ከቦዩ ዳር ስነጭ አቶ በንቲ አይተውኝ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። የተባባልነው እንዲህ ነበር፦

«መሪጌታ፣ ይህን ይዘው ወዴት ነው?»

«ወደ አቶ ዳዲ።»

«ይህን የያዘ ሰው ገድለናል ማለቱ ነው። ልጁን ጠይቀውታል?»

«ሸሚዙ ነግሮኛል።»

«ሸሚዝ አይናገርም፣ መሪጌታ። ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ሄደው ይጠይቁት።»

«የልጄን ጠባይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ብዬ አለፍኋቸው።

ስለ ምን እንዳልጠየቅሁህ ስምንት ዓመት ሳስብ ኖሬአለሁ። ፈርቼ አይደለም። ብትክድ እንዳላምንህ አውቅ ነበር፤ ብታምን ደግሞ ከአንተ ቀድሜ እውነቱን የተናገርሁ ሰው መሆኔ ይቀርብኝ ነበር። የቅኔ መምህሩ ሚሳኤል ለገዛ ልጁ አላዳላም እንዲባል ፈልጌ ነበር። ተባለም። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው እየተነሣ እጅ ነሣኝ። አንተም በዚያ ክብር ታሰርህ።

የመጋቢቱ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ እንቅልፍ አላገኘሁም። እንዳዝዝህ የለመንኸኝን ቃል ሰባት ጊዜ ጀምሬ ሰባት ጊዜ ቀደድሁት። «አልገደለም» የሚለውን እጽፋለሁ፤ «አዝዣለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። በመጨረሻ እንዲህ አልሁ፦ በእኔ ሐሰት የገባውን ልጅ በሁለተኛ ሐሰት አላወጣውም፤ በእውነት አወጣዋለሁ። እውነቱን የሰሙ እንደሆነ አቶ ዳዲ ራሳቸው ይለምኑለታል ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። እውነት ስትነገር ሁሉም ነገር በየቦታው የሚገባ ይመስለኛል።

በአቋራጩ አልሄድሁም፤ ዞሬ ሄጄ ከደጃቸው ማዶ ቆምሁ። አቶ ዳዲ ወጡ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሸሚዙን፣ አቶ በንቲን፣ አለመጠየቄን። ወይዘሮ ገዲሴ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። አቶ ዳዲ «መሪጌታ፣ ያን ጊዜ ሣር ይዘው ሲመጡ ማንም አልጠራዎትም። ዛሬስ ማን ጠራዎት?» አሉኝ። ተመለስሁ። ደብዳቤህም ደጃፌ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

ዳግመኛ ሳልጠይቅህ ሄድሁ። በሁለተኛው ጊዜ እውነቱን ይዤ መሄዴ ምንም እንዳልለወጠው አሁን ይገባኛል።

ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ይህን ቃል ለሰው ጽፌ አላውቅም፤ ሰዋስዉንም የማውቀው ለሌሎች በማስተማር ነው።

አባትህ


ከማረሚያ ቤት፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ

የሰኔውን ደብዳቤዎን አንብቤ ለአርባ ቀን ያህል አልመለስሁም። ለመቅደላዊትም «ደህና ነው በዪው» ብቻ አልኋት። ሊያውቁ የሚገባዎ ነገር ስለ ተፈጸመ ነው አሁን የምጽፈው።

ሽማግሌዎቹ ሰኔ 14 አልመጡም። አቶ በንቲ «አባትየው አንድ ቃል ተናግሯል፣ ልጅየው ሌላ ቃል ፈርሟል፤ በሁለት ቃል አናስታርቅም» ብለው ወደ ኮሚቴው ላኩ። ጸሐፊዋ ጠርታ «እስከ ወር መጨረሻ ቤተሰቡ ከመጣ እናያለን» አለችኝ። ሰኔ 28 ጋሽ ዳዲ ብቻቸውን መጡ።

በሽቦው በኩል ተያየን። ሸምግለዋል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ሰላምታ አልሰጡኝም። አገር ሙሉ ሰው በሚጮህበት ቦታ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ሽቦው ተጠጉ።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ወረቀቱን አላዩትም፣ ጋሽ ዳዲ?»

«ወረቀት ፈልጌ አይደለም አራት ሰዓት መኪና ላይ የተቀመጥሁት። አፍህን ልሰማ ነው። አንተ ነህ?»

ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች። ሌሊትና ቀን ተለማምጃታለሁ። ጸሐፊዋ ከእርሳቸው ኋላ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች፤ አንድ ጊዜ ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር። ሐዋሳ አለ፤ ሥራ አለ፤ በር አለ። ነገር ግን ጋሽ ዳዲ ሲጠብቁ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፤ ኢሉም አፍንጫዬን ይዞልኝ ደሙ እስኪቆም ሲጠብቅ እንዲሁ አድርጎ ነበር። ለወረቀት መዋሸት ችዬ ነበር፣ አባቴ። ለዚያ ግንባር ግን አልቻልሁም።

«አይደለሁም» አልሁ።

«ምን አልህ?»

«አይደለሁም። አልገደልሁትም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

ሽቦውን ይዘው ቆሙ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ስምንት ዓመት አንድ ገዳይ ነበረኝ። ጠዋት ስነሣ አንተን እረግማለሁ፣ ስተኛም አንተን እረግማለሁ፤ በዚያ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አባትህ መጥቶ አመጣልኝ፤ አባትህ መጥቶ ወሰደብኝ። ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እኔም ልዋሽዎት ነበር የመጣሁት» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሊሄዱ ሲሉ ዞረው ለእርስዎ መልእክት ሰጡኝ። ቃላቸው ይኸው፦ «ለመሪጌታ ንገረው። በደጄ ይለፍ። ታርቀን አይደለም። የማንን ደም እንደምሸሽ ስለማላውቅ ነው።»

የእርቁ ሰነድ አልተሰጠም። ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። ጸሐፊዋ የፈረምሁትን ወረቀት ከፋይሌ ውስጥ ትተወዋለች፤ ለመቅደድ ሥልጣን የላትም። ስለዚህ በመዝገብ ገዳይ ነኝ፤ ለጋሽ ዳዲ ማንም አይደለሁም። ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ መቅደላዊት ጠበቃ ጠይቃ ነበር፤ «ባመነበት ፊርማ ላይ ምን ልበል?» ብሏታል።

እውነቱን የተናገርሁት የእርስዎ ልጅ ስለሆንሁ እንዳይመስልዎት። ያ እንዲጽናናዎት አልፈልግም። እባክዎ ስለ እኔ ከእንግዲህ ወደ ማንም አይሂዱ።

አራት ዓመት ቀርቶኛል።

ፊሊጶስ


ለቡ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ እኔ የጻፍኸው ሁሉ ትክክል ነው፤ የምጨምርበትም የምቀንስበትም የለኝም።

የአቶ ዳዲን መልእክት ባነበብሁ በማግስቱ በአቋራጩ ሄድሁ። ጉልበቴ በአጭሩ መንገድ አታለለኝ። ወይዘሮ ገዲሴ በደጃቸው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸውን አልመለሱብኝም። ፊቴን የመለስሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አልሄድሁበትም። በአስፋልቱ እዞራለሁ። ደንብ ሆኖብኝ አይደለም፤ ደንቡ ተነሥቷል። አንተ በተዘጋብህ በር ውስጥ ሳለህ እኔ በተከፈተልኝ መንገድ ማለፍ አልቻልሁም። ይህንንም እንደ መልካም ሥራ እንዳትቆጥርልኝ።

የቅኔውን ወንበር ለተማሪዬ ለቃለሕይወት አስረክቤአለሁ። ተማሪዎቹ ምክንያቱን ጠየቁ። «ስለ እውነት የማስተምረው ሰው ሳልጠይቅ የምፈርድ ሆኜ ተገኘሁ» አልኋቸው። አንዳንዶቹ ትሕትና መሰላቸው። አላረምኋቸውም፤ ማረም ደክሞኛል።

ስለ ጤናዬ እንዳትጨነቅ። ስለ ጉልበቴ መቅደላዊት ትነግርሃለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የጻፍሁት። ፊትህን ካየሁ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። መንገዱ አራት ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ያስገባሉ ብላኛለች መቅደላዊት። ልመጣ እወዳለሁ። ነገር ግን አላደርገውም፤ አስቀድሜ ካንተ ሳልሰማ ከደጄ አልወጣም። መምጣቴን ትፈቅዳለህ? ብትፈቅድ ጻፍልኝ። ባትፈቅድም ጻፍልኝ።

አባትህ ሚሳኤል